አምባላይ ያለ ጌታው

ወይንእሸት ፈረስ ፈርታ አታውቅም። የምትፈራው ሰው ነው። ፈረስ ሊራገጥ ሲል ጆሮውን ወደ ኋላ ያጋድማል፤ ጭራውን ያወናጭፋል፤ ዘወር በዪ ይላል። ሰው ግን ጥርሱን እያሳየ ይራገጣል። ከሰውም ሁሉ ደግሞ ባለ ኮርቻ።

ይህን የተማረችው ቢቸና ላይ ነው፤ የጋሪ ነጂው የፋንታ ልጅ ሆና ስታድግ። ባለ ኮርቻና ባለ ጋሪ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ እንጂ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም። ፈረሱ ያው ፈረስ፣ ድርቆሹም ያው ድርቆሽ ነው። ግን ለጥምቀት ጉግስ የሚወጣው ፈረስ ስም ወጥቶለት፣ ጌጥ ለብሶ፣ በእልልታ ይኖራል፤ ጋሪ የገባው ደግሞ ከሞቱት ይቆጠራል። የሚነዳውም ሰው አብሮ። አባቷ ቆቡን አንስቶ እጅ ሲነሳ ከኮርቻ ላይ ሆኖ አገጩን ብቻ የሚነቀንቅ ስንት ወጠጤ አይታለች።

አሁን ሞጣ ናት። ዘመኑ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሞባይል ገና የባለሥልጣንና የባለ ሱቅ ጌጥ የነበረበት ጊዜ። ለጋሪ ፈረሶች ሕክምና የመጣ አንድ ድርጅት ከከተማው ዳር ሜዳ አጥሮ ማሰልጠኛ ከፍቷል። መጀመሪያ ቁስል ማጠብና ሰኮና መሞረድ ብቻ ነበር የሚያስተምረው፤ ቆይቶ ግልቢያና ፈረስ መግራት ጨመረበትና በየደረጃው የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። ወይንእሸት ጋጣ ጠራጊ ሆና ነው የገባችው። እየጠረገች ሰማች፤ እየሰማች ሞከረች፤ አንደኛውንም ሁለተኛውንም ደረጃ አለፈች። የቀራት ሦስተኛው ነው። ሦስተኛውን ያለፈ እዚያው አሰልጣኝ ሆኖ ይቀጠራል። ያቺን ወረቀት ከያዘች ማንም ተነስቶ የጋሪ ነጂው ልጅ አይላትም፤ አሰልጣኟ ነው የሚላት። እሷ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

ወረቀቱን የፈለገችው ግን ለራሷ ብቻ አልነበረም። አንዷለም አለ።

አንዷለም የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ በጉግስ ስማቸው የተጠራ ባላባት ነበሩ፤ ሞተዋል። መሬቱም በደርግ ጊዜ ሄዷል። የቀረው እናቱ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል፣ አምባላይ የሚባል አንድ ነጭ ፈረስ፣ ኩራትም ነው። አንዷለም ያን ፈረስ ይዞ ሊሠለጥን ሲመጣ ጋጣውን የምትጠርገው እሷ ነበረች። መጥረጊያዋን ይዛ ቀና ስትል አያት፤ አየችው። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ጋጣ አንድ ጊዜ፣ የአምባላይን ግን ሁለት ጊዜ ትጠርገው ጀመር።

የሦስተኛው ደረጃ ፈተና ሁለት ነው። አንዱ የመንገድ ነው፤ ተፈታኙ በራሱ ፈረስ ከቢቸና ይነሳል፣ ጉንደ ወይን ያድራል፣ ሞጣ ይገባል። ፈረሱ ሳይቆስልና ሳያነክስ መድረስ አለበት። ሌላው የሜዳ ነው፤ ጋልበውት በማያውቁት ፈረስ፣ በፈታኞች ፊት። ወይንእሸት የራሷ ፈረስ ስለሌላት የመንገዱን ከማሰልጠኛው ፈረስ በአንዱ ቀድማ ጨርሳለች። አንዷለም ደግሞ ለመንገዱ ወደ ቢቸና ሊሄድ ሲል ተጣሉ።

የተጣሉት በገበያ ነገር ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ እሱ ከእናቱ ጋር ነበር። እሷ ድርቆሽ ተሸክማ ስታልፍ ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ፤ ወዲያው መሬት መሬት አየ። ያን መሬት ማየቱን እንደ እሾህ ይዛው ሰነበተች፤ ገንዳው አጠገብ አምባላይን ውኃ ሲያጠጣ መጣችበት።

"ቅዳሜ መሬት ላይ ምን ጠፍቶህ ነበር?"

"እሸቴ..."

"እሸቴ አትበለኝ! ገንዳው ሥር እሸቴ፣ ገበያ ላይ የማላውቃት!"

"እናቴ አጠገቤ ነበረች እኮ።"

"ታዲያ እኔን ቢያዩ ዐይናቸው ይጠፋል?"

"አታውቂያትም፣ እሸቴ።"

"ፈረስ ደንብሮ ሲነሳ ዛቡን ይዘህ የምትቆም ሰው፣ እናትህ ፊት ስትደርስ ትንቀጠቀጣለህ።"

"እንቀጠቀጣለሁ" አለ፤ አልካደም። "ከእኔ ሌላ ማን አላት? ባሏን ቀብራለች፣ ርስቷን ቀምተዋታል። እኔ ደግሞ ሄጄ ከጋሪ ቤት ላገባ ነው ስላት... ተይ ትንሽ። ከቢቸና ስመለስ፣ አንቺም ፈተናሽን አልፈሽ ወረቀትሽን ይዘሽ ስትቆሚ፣ ያን ጊዜ በሰው ፊት እነግራታለሁ።"

"ወረቀቴን ነው እንዴ የምታገባው?"

አምባላይ ከገንዳው ቀና ብሎ ውኃውን ከከንፈሩ አንጠባጠበ።

"ሂድ" አለችው። "ብትመለስም ባትመለስም ለእኔ አንድ ነው።"

ቀና ብሎ አያት። እንደ ቅዳሜው መሬት አላየም፤ እሷኑ አየ፤ ብዙ አየ። ከዚያ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፈረሱን ይዞ ሄደ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀሏት ነበር። አጥሩን አልፎ ሲሰወር ግን ያ ቃል ተመልሶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

የፈተናዋ ዕለት ምግብ አልወርድላት አለ። የምታድረው ከአክስቷ ከባንቺዓለም ዘንድ ነው። ባንቺዓለም ለባለ ፈረስ ሁሉ ገብስ የምትሸጥ፣ ምላሷም እንደ ወፍጮ የማያርፍ ሴት ናት።

"ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል።"

"ፈራሁ፣ አክስቴ።"

"መጋላው ፈረስ አሽቀንጥሮ ሲጥልሽ አፈርሽን አራግፈሽ የሳቅሽ ልጅ፣ ዛሬ ምኑን ነው የምትፈሪው?"

"ሰውን።"

"ሰው ምን ያደርግሻል? ይውጥሻል?" አለችና ባንቺዓለም ቁናዋን አስቀምጣ ጠጋ አለች። "ያ የወለተ ገብርኤል ልጅ ነው አይደል? ምን ታፈጥጪብኛለሽ! ለሌላው ፈረስ ገብስ ስትሰፍሪ ቁናውን ልክክ አድርገሽ ትተያለሽ፤ ለነጩ ሲሆን ከላዩ እፍኝ ትደርቢያለሽ። ነጋዴ ነኝ እኔ፤ ልብ ቢጠፋኝ እፍኝ አይጠፋኝም።"

"ተጣልተናል።"

"እሰይ! እኔስ ገብሴ ተረፈ" አለች፤ ግን ነጠላዋን አነሳች። "ነዪ፣ ሸኝቼሽ እመለሳለሁ።"

ሸኝታት አልተመለሰችም። ሜዳው ድረስ ሄዳ አጥሩ ሥር ቆመች።

ሰዉ ተሰብስቧል። ከመንገድ ፈተናው የሚመጡትን ለማየት የጋሪ ነጂውም፣ የባለ ሱቁም፣ የተማሪውም ዓይነት ወጥቷል። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ከዘመዶቻቸው መካከል ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ዙፋን ምርኩዝ ይዘውታል። ወይንእሸት የሱሪዋን እግር እያጠበቀች በፊታቸው ማለፍ ነበረባት። ሌላ መንገድ አልነበረም።

"ይቺ ናት እንዴ የምትፈተነው?" አሉ አንዲት ዘመዳቸው፣ ይሰማ ብለው። "አንቺ ልጅ፣ ጋሪውን የት ጣልሽው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። አዩዋት ብቻ፤ ገዢ ጥርሱን ሊያይ አፉን የከፈተውን ፈረስ እንደሚያይ። ወይንእሸት የሱሪዋን እግር ለቀቀች። እጅ ነስታ አለፈች።

ቀድመው የሚመጡት ተፈታኞች አንድ በአንድ ገቡ። አንዷለምና ሐብታሙ የሚባለው ጓደኛው ብቻ አልመጡም። ሐብታሙ የደብረ ወርቅ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ትንሽ ነገር የሚያስለቅሰው።

"ከጉንደ ወይን አብረውን ነው የተነሱት" አለ አንዱ ተፈታኝ። "ከኋላችን ነበሩ። ከዚያ አላየናቸውም።"

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል መጀመሪያ በሰው አስጠየቁ። ኋላ ራሳቸው ተነስተው ጠየቁ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና መንገዱን ብቻ ማየት ጀመሩ። ከወደ ምሥራቅ ደመና እየወጣ ነፋሱ በርትቷል። ወይንእሸትም ያንኑ መንገድ ታያለች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ መንገድ ላይ ዐይናቸው እንደተተከለ እነሱ አያውቁትም፤ ባንቺዓለም ግን አጥሩ ሥር ሆና አየችው፤ አፏንም ያዘች።

"ወይንእሸት ፋንታ!"

የጠራቻት ዶክተር ጸደንያ ናት፣ የማሰልጠኛው ኃላፊ። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ወጣት፣ ቆፍጣና፣ ደንብ የምትወድ። ከአዲስ አበባ ከመጡት ፈታኞች ጋር ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች።

"ደንቡን ታውቂያለሽ። ጀምረሽ ካቋረጥሽ፣ ከሜዳው ከወጣሽ፣ ወድቀሻል። ለማንም አይለወጥም።"

"አውቃለሁ፣ ዶክተር።"

ዕጣ ያመጣላት ፈረስ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው፤ አንገተ ደንዳና። አንገቱን ዳሰሰችው፣ ስሙን በጆሮው ጠራችለት፣ ወጣች። ኮርቻው ላይ ስትቀመጥ ፍርሃቷ እንደ ልብስ ወለቀ። በዝግታ ዞረች፤ በሶምሶማ ዞረች፤ በእንጨቶቹ መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ገባች ወጣች፤ አስቁማ ወደ ኋላ አስኬደችው። ቦራው አንዴ አንገቱን ሊነጥቃት ቃጣው፤ በእግሯ ብቻ መለሰችው። ከፈታኞቹ አንዱ ለጓደኛው ራሱን ነቀነቀለት። የቀራት የመጨረሻዋ ዙር ናት። ከዚያ ከጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ ወርዳ፣ ፈረሱን ማስረከብ።

ከፈረስ ላይ ስለነበረች ከሁሉም ቀድማ ያየችው እሷ ናት።

አምባላይ እየመጣ ነው። ነጭነቱ ከሩቅ ይታያል። የሚጎትተው ሰው አለ፤ ሐብታሙ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ በእግሩ ይመጣል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያለቅሳል። ኮርቻው ላይ ሰው የለም። እርካቦቹ ተነስተው በኮርቻው ላይ ተጣጥፈዋል። በኮርቻውና በፈረሱ ወገብ ላይ ጋቢ ተዘርግቷል፤ የአንዷለም ጋቢ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው።

ይህን ለጎጃሜ ማንም አይተረጉምለትም። ወይንእሸት ልጅ ሆና ቢቸና ላይ የአንድ ባለ ፈረስ ለቅሶ አይታለች። ፈረሱን ከነኮርቻው አወጡት፤ እርካቡን አጣጠፉበት፤ የሟቹን ልብስ ከላይ ደረቡበት፤ የቅርብ ሰው ዛቡን ይዞ በአልቃሹ መካከል አዞረው። ያን ቀን ፈረሱ አንገቱን እንዴት እንደደፋ እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

ሜዳውም፣ ፈታኙም፣ ቦራውም ራቁባት። የቀረው ያ ገንዳ፣ ያ ውኃ፣ ያ ቃል ነው። ብትመለስም ባትመለስም ለእኔ አንድ ነው።

ከኋላዋ የሴት ጩኸት ተሰማ። ሰዉም አይቷል። "ወየው! ወየው አንዷለም!" ወንበር ወደቀ፤ ጃንጥላ ተንከባለለ፤ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ድምፅ ሳያሰሙ እንደተቆረጠ ግንድ ሄዱ። ዘመዶቻቸው ተረባርበው ላያቸው ላይ ተደፉ።

ወይንእሸት ቦራውን ወደ በሩ አዞረችው።

"ወይንእሸት!" ዶክተር ጸደንያ ከመቀመጫዋ ተነስታለች። "ከሜዳው ከወጣሽ አበቃ!"

ሰማች። ሰምታ ወጣች።

መንገዱ ላይ ከፈረስ ዘለለች፤ ቦራው እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ጋጣው በረረ። ሰዉ ሐብታሙን ከቦት ነበር፤ አንዱ ይጎትተዋል፣ አንዱ ያቅፈዋል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጠይቀዋል፤ ያ ዝምተኛ ልጅ በሳጉ መካከል አንዲት ቃል ማውጣት አልቻለም። በክርናቸው መካከል ሰንጥቃ ገባችና ዛቡን ከእጁ ነጠቀችው። አምባላይ አፍንጫውን ደረቷ ላይ አሳረፈ። ጋቢው ገና የእሱ ሽታ አለው። ያን ጊዜ ነው ለቅሶዋ የፈነዳው።

"በሹክሹክታ ስልህ ማንም ሳይሰማኝ፣
ሞትህ መጥቶ ዛሬ አደባባይ አወጣኝ።
ዛቡን ተውት ለእኔ፣ ለእኔ ነው የሚገባ፣
ሳልኮራበት ቀረሁ፣ ላልቅስለት በዕንባ።"

ማንም አላስተማራትም። ከየት እንደመጣላትም አታውቀውም። በአንድ እጇ ዛቡን ይዛ፣ በሌላው ደረቷን እየመታች፣ አምባላይን በሰዉ መካከል አዞረችው። ሴቶቹ ተከትለዋት አለቀሱ፤ ጋሪውን የት ጣልሽው ያሉት ሴትዮ ሳይቀሩ።

"ምኑ ናት ይቺ?" አለ አንድ ሽማግሌ።

"የጋሪ ነጂው ልጅ ናት።"

"አባቷን አልጠየቅሁም። የልጁ ምኑ ናት?"

ወይንእሸት ሰማችው፤ መልሱንም አወቀችው፤ ምንም አልነበረችም። ምንም ሳትሆን ቀረች። "እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ አንዱዬ" አለች በፈረሱ ጋማ ውስጥ። "አትመለስ ብዬ እኔ ነኝ።" የፈረሱን አንገት ይዛ ቆመች፤ ብትለቀው ምድር የምትውጣት መሰላት።

"ኧረ እባካችሁ ዝም በሉ! ያውና ሰውየው!"

የጮኸው ከመንገዱ ዳር ጋሪው ላይ የቆመ ነጂ ነው። ከፍ ብሎ ስለቆመ አሻግሮ ያያል።

አንዷለም በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አለ። በሸሚዝ ብቻ ነው፤ አቧራ ነጭ አድርጎታል፤ ነፋሱ ያንቀጠቅጠዋል። የሐብታሙን ፈረስ እየመራ ነው። ፈረሱ የፊት እግሩን አያሳርፍም፤ ብርድ ልብስ ለብሶ በሦስት እግሩ እየዘለለ ይመጣል። አንዷለም ሰዉን አየ፤ ጩኸቱን ሰማ፤ ማን ሞቶ ነው ብሎ እሱም ደነገጠ።

ነገሩ ይኸው ነው። ከጉንደ ወይን ወዲህ የሐብታሙ ፈረስ ድንጋይ ረግጦ አነከሰ፤ በሕመም አብዶ ከአንዷለም በቀር ማንንም አላስጠጋ አለ። አምባላይ ደግሞ በላብ ተነክሯል፤ በዚያ ነፋስ ቆሞ ቢጠብቅ ይታመማል። የያዙትን አንድ ብርድ ልብስ ለታመመው ሰጥተው ነበርና አንዷለም ለአምባላይ የገዛ ጋቢውን ደረበለት፤ ቀስ አድርገህ አስገባልኝ ብሎ ለሐብታሙ ሰጠው። በፈተና የሰው ፈረስ አይጋለብም፤ ሐብታሙ በእግሩ መራው። እርካቡንም የፈረሱን ጎን እንዳይመታ አጣጠፈው፤ ማሰልጠኛው እንዲያ ነው የሚያስተምረው። የሚያለቅሰውም ፈረሴ አነከሰ፣ ፈተናዬ ቀረ ብሎ ነው። ሌላ ምንም አልሆነም።

ለቅሶው እልልታ ሆነ። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል የደገፏቸውን ሰዎች ገፍተው ተነሱ፤ ነጠላቸው መሬት ለመሬት እየተጎተተ ሄዱ። ልጃቸው ፊት ሲደርሱ መጀመሪያ በጥፊ አሉት። ከዚያ አንገቱን አንቀው ያዙት።

ወይንእሸት ዛቡን እንደያዘች ቀረች። ደስታው ከራሷ እስከ እግሯ ሊያፈነዳት ነው፤ ግን ከደስታው ሥር ሌላ ነገር እየተነሳ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር። አሁን ሁሉም ያውቃል። የተሸሸገ ነገር የለም። እሱ በሕይወት አለ፤ እሷ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ሚስት ሆና አልቅሳለታለች። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርታ አታውቅም።

"ዶክተር" አለች አጠገቧ ለደረሰችው ለጸደንያ፣ የምትናገረው ብታጣ። "ሞቷል ብዬ ነው።"

"እርካብ ማጣጠፉን፣ ፈረስ ማልበሱን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? አንቺ ራስሽ በየቀኑ የምትሠሪው አይደለም?"

"ነው።"

"ታዲያ?"

"አጥሩ ውስጥ ሳየው ትምህርት ነው፣ ዶክተር። መንገድ ላይ ሳየው የአገሬ ሆነብኝ።"

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ልጃቸውን ለቀው ወደ እሷ እየመጡ ነው። ግንባራቸው ላይ አፈር አለ። አላራገፉትም።

"አንቺ።"

"እሜቴ።"

"ይህን ዛብ ማን አስያዘሽ?"

"ማንም።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የፋንታ።"

"የትኛው ፋንታ?"

ያውቃሉ። ሰዉም ያውቃል። ወይንእሸት ዛቡን አጥብቃ ያዘች። "የቢቸናው። ጋሪ ነጂው።"

"የልጄ ምኑ ነሽና ነው ያለቀስሽለት?"

"እናቴ፣ እኔ ልንገርሽ..." አለ አንዷለም።

"አንተ ዝም በል! ሞተሃል እኮ! አስከሬን አፍ የለውም!" ዐይናቸውን ከልጅቱ ላይ ሳያነሱ ነው። "እሷን ነው የጠየቅሁት።"

ወይንእሸት አንዷለምን አየችው። መሬት አላየም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ግን ዐይኑን አልሰበረም። ፍርሃቷ አልጠፋም፤ እንዲያውም ጨመረ፤ የምትለው ግን ከፍርሃቱ መካከል ወጣ።

"ምኑም አይደለሁም፣ እሜቴ። ልሆን ፈልጌ ነበር። ሳልናገር ሞተብኝ ብዬ እኔም አብሬ ሞትኩ።"

"አሁን ተነስቷል። ለምን ዛቡን አትለቂውም?"

"ፈርቼ።"

"ማንን?"

"እርስዎን። ከለቀቅሁት ምንም እንዳልተፈጠረ ሂጂ የሚሉኝ መሰለኝ።"

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል በአምባላይ ላይ ያለውን ጋቢ ዳሰሱት። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ሞጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

"ስወድቅ" አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ "ዘመዶቼ ሁሉ እኔን ሊያነሱ ተሯሯጡ። መልካም አደረጉ። መሬት ላይ ሆኜ የማስበው ግን ያን ፈረስ ማን ይይዘዋል የሚለውን ነበር። ወንድም የለው፣ አባት የለው። ልጄ እንደ ባዕድ ሊለቀስለት ነው አልኩ። ቀና ስል..." አልጨረሱትም። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እንደገና ቀጥ አሉ፤ ጥንት የነበሩትን ሴትዮ ሆኑ። "አንቺ ዶክተር! ይቺ ልጅ ፈተናዋን ትጨርስ።"

"አይቻልም፣ እሜቴ። ከሜዳው ወጥታለች።"

"ሰው ሞቶባት እኮ ነው የወጣችው!"

"ሰውየው ቆሟል፣ እሜቴ።"

ከሰዉ መካከል አንዳንዱ ሳቀ። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ዘወር ሲሉ ሳቁ ተዋጠ።

"አንዷለምም ከራሱ ፈረስ ጋር አልገባም፤ የሐብታሙም አነከሰ" አለች ጸደንያ። እሷም ጨክና ለመናገር መከራዋን አየች። "ሦስታችሁም ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ ትመለሳላችሁ። ደንብ ነው።"

ወይንእሸት ያቺ ወረቀት ከእጇ ስትሄድ ተሰማት። ለዚያች ወረቀት ስንት ጋጣ ጠርጋለች! አመማት፤ እውነት አመማት። ግን ቆማ ነበር።

"እንግዲያ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል፣ "በሰው ፊት አልቅሰሽለታል፤ በሰው ፊት ወደ ቤቱ ትገቢያለሽ። አምባላይ ላይ ውጪ።"

ጉርምርምታ ተነሳ። ከዚያ ቤት ሰው በቀር አምባላይ ላይ የተቀመጠ የለም። አንዷለም እናቱን እንደማያውቃት ሰው አያት። ወይንእሸት ግን እጇን ከጋቢው ሥር አስገብታ የፈረሱን ጎን ዳሰሰች።

"አልወጣም፣ እሜቴ።"

"ምን አልሽ?"

"ደክሟል። ላቡ አልደረቀም፤ ከጉንደ ወይን ጀምሮ እየተጓዘ ነው። ዛሬ ማንም አይቀመጥበትም።" ድምፏ ቀጠነ። "እርስዎም ቢሆኑ።"

ባንቺዓለም ከአጥሩ ሥር ሆና "አበቃላት!" ብላ ዐይኗን ጨፈነች።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ተቆጡ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ፈረሱን አዩ፤ ልጅቱን አዩ፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሰሙ። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙና በአምባላይ ማዶ ዞረው የዛቡን ሌላ ጎን ያዙ።

"እንግዲያስ በእግራችን ነው" አሉ። "ምራ፣ አንዷለም። አንተ ደግሞ ሸሚዝ ብቻ ለብሰህ አትገተር፤ ከሰው ጋቢ ለምነህ ልበስ።"

ሄዱ። ሰዉ ከሁለት ተከፈለላቸው። የሞጣ ጋሪ ነጂዎች በመንገዱ ዳር ፈረሶቻቸውን አቁመው ቆባቸውን አነሱ፤ ለማን እንዳነሱ ግን አልታወቀም። አንዷለም ከፊት እየሄደ ደጋግሞ ይዞራል፤ ዐይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አልቻለም። ወይንእሸት አንገቷን አቀርቅራ እግሯን ከእግራቸው ልታስተካክል ትሞክራለች፤ አልሆን አላት።

"ቀስ በዪ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"የእኔም፣ እሜቴ።"

"አንቺስ አሁን ምን ያንቀጠቅጥሻል?"

"እርስዎን ፈርቼ።"

አሮጊቷ ጥቂት እርምጃ ሄዱ። የፈረሱ አንገት በመካከላቸው ወጣ ገባ ይላል።

"እኔም አንቺን" አሉ።